የጨው በር ስም ጥሪ

ጨው በር ላይ የሚነጋው ግድግዳው ሲናገር ነው። ፀሐይዋማ ቀድማ ወጥታ ድንጋዩን ማጋል ትጀምራለች፤ ይሁን እንጂ ግድግዳው «እንደምን አደራችሁ፤ ዛሬ ከመቶ ሰው ሰማንያ አንዱ ረክቷል» እስኪል ድረስ ነጋ የሚል ሰው የለም። ከዚያ አስተዳደሩ በየቤቱ ያስገባው ይኸው ግድግዳ ለየብቻ ይጠይቃል። «እርስዎስ? ረክተዋል?» ይልና ዘጠኝ ሰከንድ ይጠብቃል። በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው ረክቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት አብዛኛው የከተማው ሰው ጥርሱን እየቦረሸ ስለሆነ፣ ይረካል።

ትርንጎ ጫኔም ከሚቦርሹት ወገን ነበረች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት በውሃ ማጣሪያው ውስጥ የጨው መጠን ስትለካ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ ደርበው አሰጌ ግን ጥርሱን በሌላ ሰዓት የሚቦርሽ ሰው ነበር። የፓምፕ ሠራተኛ ነበር። «ረክተዋል?» ሲባል ወንበር ስቦ ይቀመጥና ሃያ ደቂቃ ይመልሳል፤ ስለ ውሃው፣ ለየቤቱ ስለሚደለደለው የጥላ ሰዓት፣ ስለ ግድግዳው የድምፅ አወጣጥ። ጎረቤቶች ቁርሳቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ይቆሙ ነበር። ግድግዳው «አስተያየትዎ ተመዝግቧል፤ እናመሰግናለን» ሲል፣ «ቆይ እንጂ፣ መግቢያውን ነው የጨረስኩት!» ይለዋል።

ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ትርንጎ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አትናገርም። ሰው ወሬውን ካነሣባት ብድግ ብላ ውሃ ትቀዳለታለች።

ደርበው ያለው ማቆያ ውስጥ ነው። ከተማው በ2040 ዓ.ም. ለስድሳ ዓመት ለአንድ የውጭ ኩባንያ በሊዝ ሲሰጥ፣ ውሉ ላይ «መሬቱ በተረከቡት አኳኋን ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር። የኩባንያው ጠበቆች ይህን ሲተረጉሙት ከአንድ ክንድ በላይ ጉድጓድ መቆፈር ክልክል ሆኖ ተገኘ። አንድ ክንድ ጉድጓድ ውስጥ ሽንኩርት ይተከል ይሆናል እንጂ ሰው አይቀበርም። ስለዚህ ሟቾች ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው ነጭ ሕንፃ፣ በየመሳቢያቸው፣ «ለጊዜው» ይቆያሉ። ሕንፃው በከተማው ውስጥ ያለ ኮታ የሚቀዘቅዝ ብቸኛ ቦታ በመሆኑ ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑት፣ እጮኛሞችም የሚቀጣጠሩት እዚያ ነው። ትርንጎ ማክሰኞና ዓርብ ትሄዳለች። ለምን እንደምትሄድ የሚጠይቃት ካለ፣ «ለቅዝቃዜው» ትላለች።

ከተማው መስከረም 1 ቀን 2100 ወደ መንግሥት ይመለሳል። ስምንት ወር ሲቀረው ድርድሩ አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ ደርሶ ነበር። የሚያጨቃጭቀው አንድ ነገር ነው። ነዋሪው ከርክክቡ በፊት የራሱን ምክር ቤት ይምረጥ ወይስ አይምረጥ?

በኩባንያው ስም ከተማውን የሚያስተዳድሩት ገዢ ሚስተር ኦልበርስ ይምረጥ ባይ ነበሩ። ኩባንያቸው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስለ ምርጫ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ሻንጣ ማሰር ሲጀምር ግን ነገሩ በድንገት በፍቅር ጣለው። የመንግሥቱ ልዑካን መሪ አምባሳደር ልሳነወርቅ በበኩላቸው፣ «ስድሳ ዓመት ያልታየ ርኅራኄ በስምንት ወር ከየት መጣ?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ከተማውን ከነግድግዳው መረከብ ነበር። ሕዝቡ ምን እንደሚል በየጠዋቱ የሚናገር፣ ሁልጊዜም ረክቷል የሚል ግድግዳ የትኛው መንግሥት ይጠላል?

በአሥራ ሰባተኛው ዙር መፍትሔ ተገኘ። ጥያቄው ለግድግዳው ይቅረብ ተባለ። ግድግዳው የየቤቱን ተጠሪ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ «አስተዳደሩ ያለ ምርጫ አሁን ባለበት ይቀጥል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሕዝብ የመለሰውን ሁለቱም ወገኖች ይቀበሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥርስ በሚቦረሽበት ሰዓት፣ ተጠየቀ። ከመቶው ሰባ አራቱ ተስማማ። ሚስተር ኦልበርስ «እንግዲህ እኔ የበኩሌን አድርጌአለሁ» ብለው እፎይ አሉ።

የቀረው ፊርማ ነበር። እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። በዘጠነኛው ዙር፣ ምሳ በዘገየበትና ሁሉም በሰለቸበት ቀን፣ «በምርጫ የተሰየመ አንድ ነዋሪ የተጠሪዎቹን መዝገብ ትክክለኛነት አረጋግጦ ይፈርማል» የሚል አንቀጽ ሳይታሰብ አልፏል። ምርጫ በሌለበት ከተማ በምርጫ የተሰየመ ሰው ከየት ይምጣ? የሁለቱም ወገን ጠበቆች ሦስት ሳምንት ፈለጉ። በመጨረሻ በጨው በር ታሪክ እጅ ወጥቶላት የተመረጠች አንዲት ሰው አገኙ። የእድር ዳኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ጫኔ ናት፤ በአርባ ሰባት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ። ከተቃወሙት አንዱ ባሏ ነበር።

«ጠሩሽ አሉ፣ አንቺ» አሉ ጋሽ ሐንፈሬ። ጋሽ ሐንፈሬ የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው።

«ጠሩኝ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ልፈርም።»

«ምን ላይ?»

«እንጃ።»

«ጎሽ። ዲፕሎማትነት ይኼው ነው።»

የድርድሩ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ትይዩ ቆመዋል፤ አንዱ በኩባንያው ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው በመንግሥቱ። ምስክሯ ወደ የትኛው ትጠጋ የሚለው ጉዳይ ጠዋቱን ሙሉ አከራክሮ ኖሮ፣ የትርንጎ ወንበር ሁለት እግሩ በዚህ ምንጣፍ፣ ሁለት እግሩ በዚያ ምንጣፍ ላይ ተደርጎ ጠበቃት። መካከል ላይ ምንጣፍ ስላልነበረ ወንበሩ ይነቃነቃል።

ሚስተር ኦልበርስ አማርኛ የተማሩት ከማሽን ነው፤ ማሽኑም የተማረው ከጥንት ደብዳቤዎች ሳይሆን አይቀርም። «እመቤት ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደጅዎ ጥላ አይጉደል!» ብለው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«እናታችን፣ እንኳን ደህና መጡልን» አሉ አምባሳደር ልሳነወርቅ።

«አምባሳደር፣ ብበልጥዎ ሦስት ዓመት ነው። ልወልድዎ አልችልም።»

ከአምባሳደሩ ጀርባ የተቀመጡት ወጣት ጠበቆች አንድ ላይ ወደ ወረቀታቸው አጎነበሱ።

መዝገቡ ቀረበላት፤ የት ላይ እንደምትፈርም በቢጫ ምልክት ተደርጎበታል። ትርንጎ ወደ ቢጫው አልሄደችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሷ ያልለካችውን ቁጥር ፈርማ ስለማታውቅ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። ሚስተር ኦልበርስ ሰዓታቸውን አዩ። አምባሳደሩ ሻይ አዘዙ። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«118. ደርበው አሰጌ። ተስማምቷል። አስተያየት፦ የለውም።»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። መልሳ አደረገችው። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«ይህ ሰው» አለች ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሣ፣ «መቼ ነው የተስማማው?»

ከኩባንያው በኩል አንዲት ጠበቃ ሰሌዳዋን ነካ ነካ አደረገች። «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ። ያለ ማመንታት ነው። እንዲያውም አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቅሬታ አላቀረበም፤ በጣም ከረኩት ነዋሪዎቻችን አንዱ ነው።»

«የት ሆኖ ነው የተጠየቀው?»

«ማቆያ፣ መሳቢያ ሁለት መቶ...» አለችና አፏን ያዘች።

ነገሩ ሲመረመር ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሰው ከመዝገብ የሚሰረዘው የቀብር ወረቀት ሲቀርብ ነው። ከተማው ውስጥ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ የሞተ ሰው የለም። ቤቱ መጀመሪያ በስሙ የተሰጠው ሰው ቢሞትም ባይሞትም የቤቱ ተጠሪ እሱ ነው። ግድግዳውም ሥራውን አክብሮ በየጠዋቱ ማቆያ ገብቶ እያንዳንዱን መሳቢያ «ረክተዋል?» ይላል፤ ዘጠኝ ሰከንድ ይጠብቃል።

አምባሳደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናታ... ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከልብ አዝናለሁ። አንድ ስሕተት ነው፤ ይታረማል። ከስድስት መቶ ሰው አንዱ ውጤቱን አይለውጥም።»

«ሌላ ስሕተት አለመኖሩን አላውቅም። በእድራችን ደንብ ስም ሳይጠራ መዝገብ አይፈረምም።»

አምባሳደሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ርክክቡ ባህላዊ ድምቀት ያንሰዋል ተብሎ ከላይ ሁለት ጊዜ ተወቅሰዋል። «ስም ጥሪ!» አሉ። «የሕዝባችን ነባር ባህል ነው! ሐሙስ ዕለት፣ ሕዝብ ባለበት፣ በዚሁ አዳራሽ ይደረግ።»

«ያማረ ልማድ ነው» አሉ ሚስተር ኦልበርስ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ «ሁለቱም ወገኖች በደስታ ተቀበሉት» ብሎ ጻፈ። የሙታኑን ብዛት ግን እስከዚያ የቆጠረ አልነበረም። ቆጠራውን ጠበቆቹ ያደረጉት ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ሚስተር ኦልበርስ ትርንጎን ወደ አትክልታቸው አስጠሯት። አምባሳደሩም እዚያው ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የገዢው አትክልት በከተማው ውስጥ እውነተኛ አፈር ያለበት ቦታ ነው፤ አፈሩ በመርከብ የመጣ ስለሆነ የተከራዩት መሬት አይደለም ተብሎ ከውሉ ውጭ ተደርጓል። ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል።

«ለባለቤትዎ ነው፣ እመቤት ሆይ» አሉ ሚስተር ኦልበርስ። «ነገ ረቡዕ። ካህን ከውጭ ይመጣል፤ ፈቃዱ በእጄ አለ።»

«ስም ጥሪው ግን አድካሚ ነው» አሉ አምባሳደሩ። «በዚህ ሙቀት! ደግሞ የየሰዉን ሐዘን መቀስቀስ ለማን ይጠቅማል? ነገ ጠዋት ይፈርሙልን፤ ከሰዓት በኋላ ባልዎን ያሳርፉ።»

ትርንጎ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለች። ከጫፉ አፈር አነሣችና በጣቶቿ መሐል አሸችው። ጥቁርና እርጥብ ነው፤ አንድ ቅንጣት ጨው የለበትም። ለረጅም ጊዜ ከእጇ አላራገፈችውም።

«አጥሯል» አለች በመጨረሻ። «ደርበው ረጅም ነው።»

«ይረዝማል!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። በአሥራ ሰባት ዙር ውስጥ ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ» አለችና ሄደች።

ጋሽ ሐንፈሬን የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀደደ ድንኳን ሲጥፉ አገኘቻቸው። አንዱን ጫፍ ይዛ መርፌ አነሣች፤ እየጣፈች ነገረቻቸው።

«ውሰጂ» አሉ ሳያስጨርሷት።

«ምን?»

«ጉድጓዱን ነዋ! እናንተ እኮ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጡ ጉደኞች ናችሁ። እኛ ሙስሊሞቹ ሬሳችንን በዚያው ቀን በአህያ ጭነን፣ ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር አጥሩን አሻግረን አፈር እናለብሰዋለን። አንቺ አራት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ስትጠብቂ ኖርሽ። ምክር ቤት ለደርበው ምን ያደርግለታል? ገብቶ አይቀመጥበት!»

«በእድራችን አንድ ሰው ተለይቶ ለብቻው ተቀብሮ ያውቃል?»

«እድራችን ሰው ቀብሮ ያውቃል እንዴ? ስድሳ ዓመት ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ በላን፣ ተበተንን። ከዓለም ሙት የማይቀብር እድር የኛ ብቻ ነው።»

ትርንጎ ሳቀች። ሳቁ የት ሊደርስ እንደሚችል ስላላወቀች ቶሎ ወደ መርፌው ተመለሰች።

«ጋሽ ሐንፈሬ፣ ወረቀቱ ላይ ተስማምቷል ይላል።»

«ማን?»

«ደርበው።»

ሽማግሌው መርፌያቸውን አስቀመጡ። «የኛው ደርበው? ሳይከራከር አንድ የድንኳን ምሰሶ ተክሎ የማያውቀው?»

«ያለ ማመንታት ይላል። አስተያየት የለውም ይላል።»

«ወይ ጉድ! ይኼማ ስም ማጥፋት ነው።»

«ፈርሜ ብቀብረው የምቀብረው ሌላ ሰው ነው።»

ጋሽ ሐንፈሬ መርፌያቸውን መልሰው አነሡ። «እሺ፣ ስም ስትጠሪ እሱ ጋ ትደርሻለሽ። ቤተሰብ ባለበት ሌላ ሰው አይመልስም፤ ደንብ ነው። አራት ዓመት ‹አርፏል› የምትባለዋን ቃል ስትሸሻት አይቻለሁ። ከእድሩ መዝገብ ላይ ስሙን ስታዛውሪ እንኳ ‹ቀይሩት› ነው ያልሽው።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽን መች አጣሁት። ትችያለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«ይኼ ስፌት ጠሟል» አለች ትርንጎ፤ ፈትታ እንደገና ጀመረችው።

ረቡዕ ጠዋት ለሁለቱም «ሐሙስ እንገናኝ» የሚል መልእክት ላከች። ጠበቆቹ ቀኑን ሙሉ ስም ጥሪውን የሚያስቀር ቀዳዳ ሲፈልጉ ዋሉ፤ በየሄዱበት «በደስታ ተቀበሉት» የሚለው ቃለ ጉባኤ ፊታቸው ይገተራል።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ደንቡ ከብዙዎቹ የተሰወረ አልነበረም፤ ትርንጎ ግን ለእንግዶቹ ብላ አስረዳች። በሕይወት ያለ «አለሁ» ይላል። የቀረውን ጎረቤት ይመልስለታል። ያረፈ ከሆነ የቅርብ ሰው «አርፏል» ይላል፤ ቤቱ በሙሉ ቆሞ ነፍስ ይማር ይልና ስሙ ላይ መስመር ይሰመራል። መልስ ሳይሰጥበት ዘጠኝ ሰከንድ ያለፈበትን ስም ግድግዳው ተስማምቷል ብሎ ይመዘግበዋል። ግድግዳው ሰከንዱን ከአዳራሹ ፊት ለፊት በትልልቅ ቁጥር እያሳየ ይቆጥር ነበር።

«ገነነ ሳህሉ።»

«አለሁ። የሌለው ውሃው ነው።»

«ዘምዘም አሎ።»

«አለች፤ አትሰማም እንጂ» አለ ልጇ። «ምን አለች?» አለች ዘምዘም።

«ባዩ ወልደሰንበት።»

«አርፏል» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሕዝቡ ተነሣ። «ነፍስ ይማር!» ልዑካኑ ለመነሣት ዘገዩ፤ ጋሽ ሐንፈሬ ግን ዞር ብለው አዩአቸው። ተነሡ።

«ዓሊ ኡመር።»

«አርፏል። በአህያ ነው የሄደው» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ከጥግ ቆሞ የነበረው ዘበኛ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ስም ጥሪው እንዲህ እያለ ቀጠለ። ሃምሳኛው ስም ላይ አምባሳደር ልሳነወርቅ ሃያ ስድስት ጊዜ ተነሥተው ሃያ ስድስት ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ከረባታቸው ተፈትቷል። ሰማንያኛው ላይ መቀመጡን ትተው ቆመው ቀሩ። ጥሪው መቶኛው ላይ ሲደርስ ሚስተር ኦልበርስ ከሁሉም ቀድመው፣ በጥንቱ አማርኛቸው፣ «ነፍሱን በገነት ያኑር» ማለት ጀምረው ነበር። መጀመሪያ ላይ የሳቁት ሰዎች ሳቃቸውን ትተዋል። ብዙዎቹ አባታቸው ወይም እናታቸው በየጠዋቱ ሲረኩ መኖራቸውን የሰሙት ገና ያኔ ነው።

«አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ወለተማርያም ብሩ።»

«አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር።»

ትርንጎ መስመሩን አሰመረች። ጣቷን ወደሚቀጥለው አወረደች።

«አንድ መቶ አሥራ ስምንት። ደርበው አሰጌ።»

ግድግዳው ላይ አንድ አለ። ሁለት።

የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ። ጋሽ ሐንፈሬ አፋቸውን ከፍተው ደንቡን አስታውሰው ዘጉት። አራት። አምስት። ትርንጎ ቁጥሩን አላየችም፤ የምታየው መዝገቡን ነው። እጇ መስመሩ ላይ ነው። ቃሏ አጭር ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ከሰው አፍ ከስልሳ ጊዜ በላይ ስትወጣ ሰምታታለች። ስድስት። አምባሳደሩ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ወደ ቁጥሩ ዞሩ። ሰባት። ስምንት።

«አርፏል» አለች።

ድምፅዋ የጨው መጠን ስታነብ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሕዝቡ ተነሣ፤ ነፍስ ይማር አለ። ማስመሪያዋን አስተካክላ መስመሩን አሰመረች።

«አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ጣይቱ በላይነው።»

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። ግድግዳው ለረጅም ጊዜ ካሰላ በኋላ አስታወቀ፤ ተጠሪዎች ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ፣ ከመቶው የተስማማው አርባ ሦስት። ትርንጎ በቢጫው ምልክት ላይ «መዝገቡ ትክክል አይደለም። ሦስት መቶ ሠላሳ አንዱ አርፈዋል» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ የእድሩን ማኅተም መታችበት።

«ምን አደረጉን፣ ወይዘሮ ትርንጎ?» አሉ አምባሳደሩ። ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

«ስም ጠራሁ።»

አሥራ ስምንተኛው ዙር በሦስት ቀን ተጠራ። የሚያሳዩት ቁጥር ስላልነበራቸው ከአርባ የምክር ቤት መቀመጫ ዘጠኙ በነዋሪው ምርጫ ይያዙ ብለው ተስማሙ። ሁለቱም ወገኖች ለየጋዜጠኞቻቸው ይህን ከሌላው ፈልቅቀው እንዳወጡት ተናገሩ። ጨው በር ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ መቀመጫ ያንሳል የሚለውና ለመጀመሪያ ይበቃል የሚለው ሰው መንገድ ላይ እየቆመ ይጨቃጨቅ ጀመር። መንገድ ላይ ጮኾ መናገር የሚከለክለውን የኩባንያውን ደንብ ያስታወሰ አልነበረም።

ግድግዳው ግን ምርጫውን አልጠበቀም። ማቆያ የነዋሪዎች ነው፤ ያረፉት ከነዋሪነት ተሰርዘዋል። በሕጉ መሠረት በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ እንዲለቁ ለእያንዳንዱ መሳቢያ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ሰዓቱ ሲደርስ መሳቢያዎቹ በራሳቸው ተከፈቱ።

የት ይቀበሩ? በኩባንያው አጥርና በመንግሥቱ አጥር መካከል ስልሳ ሜትር ስፋት ያለው ሰቅ መሬት አለ። የማን እንደሆነ ከአራተኛው ዙር ጀምሮ አከራክሮ እልባት አላገኘም። ባለቤቱ ካልታወቀ ውሉ አይደርስበትም፤ ውሉ ካልደረሰበት ደግሞ አትቆፍሩ የሚል የለም። እድሩ ድንኳኑን እዚያ ተከለ። ከተማው በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። መሬቱ ነጭ ነው፤ ከላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጨው ቅርፊት አለው። ቀብሩ በመዝገቡ ተራ ነበር፤ ትርንጎ ማንንም አላስቀደመችም። የደርበው ተራ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደረሰ። ጉድጓዱን ራሷ በገመድ ለካችው። አንድ ካህን ጸሎቱን አደረሱ።

አፈሩ ሊመለስ ሲል ከድንኳኑ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። የሁለቱ ወገን ልዑካን ካርታቸውን ይዘው ደርሰዋል። አምባሳደር ልሳነወርቅ መቃብሩ በመንግሥት መሬት ላይ እንደሆነ ይገልጻሉ፤ ሚስተር ኦልበርስ «እንኪያስ አይደለም!» ይላሉ፤ ጠበቆቹ መለኪያ ገመድ እየጎተቱ በየሬሳ ሳጥኑ መካከል ይዘላሉ።

ጋሽ ሐንፈሬ አካፋቸውን ከፍ አደረጉ። «ትርንጎ፣ ፍቀጂልኝ፤ እነዚህን ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ!»

«ይተዉአቸው፣ ጋሽ ሐንፈሬ» አለች። ጎንበስ ብላ የጨዋማውን አፈር የመጀመሪያ እፍኝ አነሣች። «ደርበው ክርክር እየሰማ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም።»